ቆቡስ ስንት ነው? ታሪኩስ?

(ቂርቆስ አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ አዳራሽ ለተሰበሰቡ ጀማሪ የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ያሰማሁት ንግግር ነው። ለጋዜጣው እንዲመች በጥቂቱ አሳጥሬዋለሁ።)



የጉባኤው አዘጋጆች "ስለ ጦር ሜዳ የብረት ቆብ ዋጋ ንገረን" ሲሉኝ ደነገጥኩ። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም፤ ነጋዴም አይደለሁም። እዚህም እዚያም እየጻፍኩ የምኖር ባለ ዲፕሎማ ጋዜጠኛ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ላይ ለመናገር የሚያበቃኝ ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። አንድ ጊዜ ተታልያለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አታልያለሁ። ዛሬ ሁለቱንም ልናዘዝላችሁ ነው የመጣሁት።

በዚህ ሰፈር ስለ ጦር ቆብ መነጋገር እንግዳ ነገር አይደለም። ካሳንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከወረራው ዘመን የተረፈ ነው። "ኢንቺስ" ማለት የጣሊያን መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት ያሠራበት የነበረው ድርጅት አጭር መጠሪያ ነው። "ካዜ ኢንቺስ"፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለታቸው ነበር። እኛ አጠጋግተን ካሳንቺስ አልነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ጣሊያን ሄደ፤ ስሙ ቀረ፣ ቤቱ ቀረ፣ ቆቡም ቀረ። እኔ ልጅ ሆኜ የጎረቤታችን ዶሮዎች ውኃ የሚጠጡት ከጣሊያን የብረት ቆብ ነበር። ማንም ቅርስ ነው አላለውም። የዶሮ ገበቴ ነበር።

እንግዲህ የዋጋው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቆብ በአንድ ከተማ ውስጥ ሦስት ዋጋ አለው። "ቆራሌው!" እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ ለብረቱ ይከፍላል፤ እሱ ዘንድ ቆብ ከድስት ክዳን አይለይም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ቆርቆሮ ይሆናል፣ ማንደጃ ይሆናል። ዕድል ቀንቶት ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች አንዱ መስኮት ላይ ከወጣ ግን ዋጋው ሰማይ ይነካል። ብረቱ ያው ብረት ነው። የተጨመረው ወሬ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ሰብሳቢ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው "ስንት ነው?" ብሎ አይደለም። "የምከፍለው ለብረቱ ነው ወይስ ለወሬው? ለወሬው ከሆነ ማስረጃው የታለ?" ብሎ ነው።

እኔ ይህን ሳልጠይቅ ነው የተበላሁት። በ2011 ዓ.ም. አንድ ሻጭ የጣሊያን ቆብ አሳየኝ። "ወንድሜ፣ ይሄ እንዳይመስልህ! አያቴ ማይጨው ላይ የማረኩት ነው" አለኝ። አያትየው ሲማርኩ በዓይነ ሕሊናዬ ታዩኝ። ማይጨው፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ድሉ የእኛ ያልሆነበት ውጊያ መሆኑን እንኳ ለማሰብ ጊዜ አልሰጠሁም። 3,000 ብር ቆጠርኩለት። ያን ጊዜ 3,000 ብር ለእኔ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነበር።

ቤት ወስጄ አንድ ነገሩ የገባው ወዳጄ አየውና ሳቀ። ቆቡ በእርግጥ የጣሊያን ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1933 ሞዴል የሚባለው ዓይነት፣ ሁለት በጎንና ጎን አንድ በስተኋላ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው። ነገር ግን የጣሊያን ጦር ይህንኑ ቆብ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲጠቀምበት ኖሯል። የወረራው ዘመን ቀለም ግራጫ ያዘለ አረንጓዴ ነው፤ በኋላ የተቀባው የወይራ አረንጓዴ ነው። የእኔው ከላይም ከሥርም የወይራ አረንጓዴ ብቻ! የውስጡ ቆዳም አዲስ ነበር። ማይጨውን ቀርቶ ደብረ ዘይትን ያየ አይመስልም። ከጣሊያን ትርፍ ዕቃ መጋዘን ወጥቶ በሻንጣ የመጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ባጭሩ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ቆቡን ገልብጡት። ሰው የሚያየው ውጪውን ነው፤ እውነቱ ያለው ግን ውስጡ ነው። የውስጡ ቆዳ፣ የአገጭ ማሰሪያው፣ የተመታው ቁጥር፣ በእጅ የተጻፈ ስም ካለ ስሙ፣ ሁሉም እዚያ ነው። እኔ የምከተለው ልማድ ይህ ነው፤ የውስጡ ቆዳ ከሌለ ከተጠየቀው ዋጋ ግማሹን እጥላለሁ። የአገጭ ማሰሪያው ብቻ ከጎደለ ሩቡን። ብረቱ ከተሰነጠቀ ወይም ዝገት በስቶት ከወጣ ለብረት ከሚከፈለው ብዙም አልርቅም።

ሁለተኛ፣ አዲስ ቀለም ጠላት ነው። አንዳንዱ ሻጭ ቆቡን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ "እንደ አዲስ አድርጌልሃለሁ" ብሎ ዋጋ ይጨምራል። መቀነስ ሲገባው! የጥንቱ ቀለም ከተፋቀ ዕድሜውን የሚመሰክር ነገር የለም። እናንተም ገዝታችሁ ስታበቁ አትፈግፍጉት። በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት ይበቃል።

ሦስተኛ፣ የቡሽ ቆብን አትናቁ። በወረራው ዘመን ብዙው ፎቶግራፍ ላይ የጣሊያን ወታደር የሚታየው በቡሽ የፀሐይ ቆብ ነው፤ አስካሪው ደግሞ በቀይ ታርቡሽ። ቡሽ በእርጥበት ይበሰብሳል፣ ነፍሳት ይበላዋል፤ በደህና የቆየ ከተገኘ ከብረቱ ይልቅ ብርቅ ነው። ነገር ግን ተጠንቀቁ! ይህን የፀሐይ ቆብ ሲቪሉም ያደርገው ነበር፤ የእኛ ባለሥልጣናትም አድርገውታል። የጦሩ ዓርማ ከፊቱ ከሌለ፣ ዓርማው የተሰካበት ቀዳዳም ከሌለ፣ የወታደር ነው ብላችሁ አትክፈሉ።

አራተኛ፣ "የኮሪያ ነው" የሚባለውን አጣሩ። የቃኘው ሻለቃ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲደርስ ወታደሩ ያደረገው የአሜሪካኑን ኤም-1 ቆብ ነው። ይህ ቆብ ሁለት ነው፤ ከላይ ብረት፣ ከሥሩ ተለይቶ የሚወጣ ቀላል ቆብ። ከጠርዙ ውስጥ ከፊት በኩል ትንሽ ቁጥር ተመትቶበታል። የጠርዙ መጋጠሚያ በፊት በኩል ከሆነ እ.ኤ.አ. እስከ 1944 መጨረሻ ድረስ የተሠራ ነው፤ በኋላ በኩል ከሆነ ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ ግን የተሠራበትን እንጂ የዘመተበትን አይነግራችሁም። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብቻ ይህን ቆብ ከ20 ሚሊዮን በላይ አምርታለች። አገራችንም በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የጦር ስምምነት ከፈረመች ጀምሮ እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካን ዕቃ ስትቀበል ኖራለች። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የተገኘ ኤም-1 ሁሉ ኮሪያ አልዘመተም። ቆቡ ርካሽ ነው፤ ብዙ ነውና። ውዱ ስሙ ነው። ከ120 በላይ ጀግኖች የወደቁበት፣ አንድም ሰው ያልተማረከበት ዘመቻ ስለሆነ፣ ከቆቡ ጋር ፎቶግራፍ፣ የኒሻን ወረቀት ወይም የተጻፈ ስም ከመጣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው።

አምስተኛ፣ የድሮ ዋጋ አትጥቀሱ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። "እኔ እኮ በ2010 በሺህ ብር ገዝቻለሁ" ብሎ መከራከር ራስን ማሞኘት ነው። ቢያንስ ሦስት ቦታ ጠይቁ፤ የሚጠራውን ዋጋ ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ኃጢአቴ ልምጣ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካሳንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ለወሬ ፍለጋ ሄጄ ነበር። የሰው ዕቃ በየደጁ ተዘርግፏል። ቆራሌው በጋሪ፣ ልዋጩ በጆንያ ይዞራል። አንዲት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት በራፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ኤም-1 ቆብ። ገለበጥኩት። በውስጠኛው ቆብ ላይ በነጭ ቀለም፣ በአማርኛ፣ ስምና ቁጥር ተጽፎበታል።

"እማማ፣ የማን ነው?"

"የባለቤቴ ነው ልጄ። ኮሪያ የዘመተበት። ቆራሌው ሁለት መቶ ብር ብሎኛል። አምስት መቶ ስጠኝና ውሰደው፤ የት ላድርገው?"

ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የባለቤታቸው ፎቶግራፍ አለ፤ ኒሻን በደረታቸው፣ ያው ቆብ በእጃቸው። እኔ ምን እንዳየሁ አውቃለሁ። እሳቸው አያውቁም። ሳልከራከር 500 ብር ሰጠሁና ይዤ ሄድኩ። እንዲያውም አለመከራከሬን እንደ ጽድቅ ቆጠርኩት! ከወራት በኋላ አንድ ሰብሳቢ 30,000 ብር ሰጠኝ። ያን ጊዜ ነው ሆዴን የቆረጠኝ። አልሸጥኩለትም፤ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ የማይጨው ነጋዴ የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ አታለለኝ። እኔ ደግሞ የማውቀውን እንደማላውቅ ሆኜ አታለልኩ። ልዩነታችን ምኑ ላይ ነው?

በሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ በኩል አፈላለግሁ። ከተማው ዳር አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አገኘኋቸው። ቆቡንም፣ 15,000 ብርም ይዤ ነበር የሄድኩት። እውነቱን ነገርኳቸው። ብሩን አላዩትም። ቆቡን ነው ያዩት።

"ቤቱ ሲፈርስ ግራ ገብቶኝ ነው እንጂ የእሱን ቆብ መሸጥስ ምን ነክቶኝ ነው?" አሉ። "ብርህን ያዝ። ቆቡን መልስልኝ፤ ለልጅ ልጄ ይሁን።"

መለስኩላቸው። ከመቀነታቸው 500 ብር ፈትተው ዘረጉልኝ። አልቀበልም ብል "በነጻማ አልወስድም፤ ገዝቼው ነው የምወስደው" ብለው ተቆጡ። ተቀበልኩ። ቡና አፍልተው አጠጡኝ።

ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዋጋ መለኪያዬ ሁለት ጥያቄ ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ እኔ ባውቅ በዚህ ዋጋ እገዛ ነበር ወይ? እኔ የማውቀውን ሁሉ ሻጩ ቢያውቅ በዚህ ዋጋ ይሸጥልኝ ነበር ወይ? ሁለቱም "አዎ" ካሉ ዋጋው ተገቢ ነው፤ ሁለት መቶም ይሁን ሃያ ሺህ። አንዱ "አይ" ካለ አንዱ ተበልቷል ማለት ነው። የውጭ አገር የዋጋ ዝርዝር ይህን አይነግራችሁም።

ከመሰናበቴ በፊት ሁለት ማሳሰቢያ። የምትገዙትን ሁሉ ከማን፣ መቼ፣ በስንት እንደ ገዛችሁ በደብተር ጻፉ፤ ሻጩ የነገራችሁን ታሪክም በቃሉ ጻፉ። ነገ ማስረጃ የሚሆነው ያ ነው። የተሰረቀ የሚመስል ዕቃ፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያለ ሠራዊት መለዮም፣ አትንኩ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነውና "ዶላር እከፍላለሁ" የሚል ቱሪስት ሲመጣ ፈቃዱን ጠይቁት።

ሌላው እንዲህ ነው። ሰፈር ሲነሳ የቤት ቁጥር የሚመዘግብ፣ ካሬ ሜትር የሚለካ ሰው አላጣንም። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን፣ ከአልጋ ሥር የተቀመጠውን የሚመዘግብ ግን እኔ አላየሁም። ቆራሌው ቀድሞ ደረሰ። እሱ ላይ አልፈርድም፤ እንጀራው ነው። እናንተ ግን ቢያንስ ከቆራሌው ቀድማችሁ ድረሱ፤ ስትደርሱም የምታውቁትን ለእናትየው ንገሩ። ልሽጥ ካሉ ተገቢውን ክፈሉ። አልሸጥም ካሉ ስሙን ጽፋችሁ፣ ፎቶግራፉን አንስታችሁ፣ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ውጡ።

ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ነኝ። ያን የማይጨው ቆብም ይዤዋለሁ፤ ከጠረጴዛው ላይ ነው። ገልብጣችሁ እዩት። 3,000 ብር ከፍዬበታለሁ፤ ለትምህርት ስለሆነ አይቆጨኝም።