ሙት ወቃሽ አያድርገኝ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት አባቴ ሲያርፉ ድንኳን የተከላችሁት፣ ንፍሮ የቀቀላችሁት፣ እስከ ሰልስቱ አብራችሁን የሰነበታችሁት እናንተ ናችሁ። ዛሬ የተነሣሁት ለማመስገን ነበር፤ ነገር ግን ምስጋናው ብቻውን ጎደሎ መሰለኝ።

በሐዘን ቤት የሟችን ክፉ ማንሣት ነውር ነው። ያመለጠው ሰው እንኳ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። መልካም ልማድ ነው። ዳሩ ግን አባቴ ማን እንደ ነበሩ ታላላቆቻችን ታውቃላችሁ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ መሣሪያ ይዘው ቤት ለቤት ከሚፈትሹት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ልጃቸው የተገደለባቸው ብዙ ወላጆች እንዳያለቅሱ ተከልክለው ነበር፤ ድንኳን የለ፣ ሙሾ የለ። አባቴ ምን እንዳደረጉ አንድም ቀን አልነገሩኝም። አንድ ጊዜ ብጠይቃቸው ተነሥተው ወጡ።

እኚሁ ሰው ናቸው እናቴን ፊደል ያስቆጠሯት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር እናቴ «ልጅ ታቅፌ የት እሄዳለሁ?» ብላ ቀረች። አባቴ ጣውላ በከሰል አጥቁረው፣ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን በጠመኔ እየጻፉ አስተማሯት። ለእኅቷ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈች ዕለት ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። በእድራችንም ከሃያ ዓመት በላይ መቃብር ሲቆፈር፣ ዝናብም ቢሆን፣ ቀርተው አያውቁም።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን አንዲት እናት ገቡ። ልጃቸው በ1970 ዓ.ም. እንደ ወጣ የቀረ ነው። ድንኳኑ ጸጥ አለ። አጠገቤ ተቀመጡና፣ «እኔ ለልጄ አልቅሺ አልተባልኩም፤ አንተ ግን ለአባትህ አልቅስ። የመጣሁት ለሱ ብዬ አይደለም፣ ላንተ ነው» አሉኝ።

ምን ልበላችሁ! እስከዚያች ሰዓት እንባ እምቢ ብሎኝ ነበር። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር አንዱ ሌላውን እንደማይሰርዘው ነው። እናቴ የተማረችው ፊደል የእኚህን እናት እንባ አያደርቅም፤ የእሳቸውም እንባ ፊደሉን አይፍቀውም። ሁለቱንም ይዤ አለቀስኩ።

ስለዚህ ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ሐዘን ቤት ስንገባ «ደግ ሰው ነበሩ» ብለን ብቻ አንለፍ፤ «እንዲህ ሲያደርጉ በዓይኔ አይቻለሁ» ብለን ያየነውን እንናገር። ለልጅ የሚቀረው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ የተበደለውን ሰው «እርሳው» አንበለው። ከመጣ ቦታ እንልቀቅለት፤ ካልመጣም ቀሪ ተብሎ አይቀጣ። ይህንንም ጉባኤው እንዲወስንልኝ እጠይቃለሁ።

የአባቴን ነፍስ ይማር። በዚያ ዘመን ሳይለቀስላቸው የቀሩትንም ሁሉ ነፍሳቸውን ይማር።