ጃንጥራር የማን ስም ነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከእኛ ከሂሳብ ክፍል የሚጠበቀው የገቢና የወጪ ሪፖርት ነው። እሱ ተባዝቶ በእጃችሁ ገብቷል፤ ከምሳ በኋላ እንነጋገርበታለን። አሁን የምንናገረው ስለ ስም ነው። ሂሳብ ያዥ ስለ ስም ምን አገባት የምትሉ ካላችሁ የቁጠባ መዝገባችንን ገልጣችሁ አንድ ገጽ ተመልከቱ። ከብሩ በፊት የሚጻፈው ስም ነው። ብሩ እስከ ሳንቲሙ ልክ ሆኖ ስሙ ካልገጠመ ያ ብር ለማንም አይከፈልም።

ባለፈው ዓመት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አንዲት እናታችን አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። የቆጠቡት ገንዘብ ለልጃቸው ሊተላለፍ ወረቀት ሲፈለግ፣ እኛ ዘንድ የተመዘገቡበት ስም በሙሽርነታቸው አማታቸው ያወጡላቸው ነው፤ በመታወቂያቸው ላይ ያለው አባታቸው ያወጡት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያውቃቸው ደግሞ በክርስትና ስማቸው ነው። ሦስቱም እውነተኛ ስማቸው ነው። ልጅቱ የእናቷ ልጅ መሆኗን ለማስረዳት ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ስትመላለስ ክረምቱ አለፈ። ሰፈሩ በሙሉ የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል፤ ወረቀቱ ብቻ አያውቅም።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለማየት ከራሳችን አገር አንድ ስም ወስደን ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ እንከተለው። ስሙ ጃንጥራር ነው። ሌላ አገር ለጆሮ እንግዳ ነው፤ እኛ አምባሰሎች ግን ከእናት ጡት ጋር የሰማነው ነው።

ጃንጥራር መጀመሪያ የሰው ስም አልነበረም፤ ሹመት ነበር። የዋግ ገዥ ዋግሹም እንደሚባለው የአምባሰል ገዥ ጃንጥራር ይባል ነበር። ራስነት፣ ደጃዝማችነት ጎንደርም ሸዋም ትግራይም ይሰጣል። ጃንጥራርነት ግን ከአምባሰል አይወጣም፣ በአምባሰልም ከገዥው ቤት ወንዶች አያልፍም። «ጃን» የሚለው መነሻ ከጃንሆይና ከጃንሜዳ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ገና ሲጠራ ቤተ መንግሥት ቤተ መንግሥት ይላል። ይህም አያስገርምም። አምባ ግሸን በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ወንድ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተጠብቀው የሚኖሩበት ቦታ ነበር። ዐፄ ናዖድን የመሰለ ንጉሥ ከዚያ ወርዶ ነው የነገሠው። በ1532 ዓ.ም. ገደማ የግራኝ አሕመድ ሠራዊት አምባውን እስኪይዘው ድረስ ከአገሪቱ ሁሉ በላይ በጥንቃቄ የሚጠበቅ ቦታ ነበር ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ አምባ ያለበት አገር ገዥው ለብቻው የሆነ መጠሪያ ቢኖረው ሲያንሰው ነው።

ከጃንጥራሮቹ ሁሉ ስሙ በአገር የታወቀው ጃንጥራር አስፋው ነው። የታወቀውም በልጁ ነው፦ በእቴጌ መነን አስፋው። እቴጌይቱ በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን አገቡ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከባላቸው ጋር ዘውድ ጫኑ፤ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. አረፉ።

እስቲ «መነን አስፋው» የሚለውን ስም እንደ ሂሳብ ሰነድ እንመርምረው። አባታቸው አስፋው መሆኑን ይነግረናል። ጃንጥራርነቱን አይነግረንም፤ ሹመት ነውና ለሴት ልጅ አይወርድም። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው፤ እሱም እዚህ የለም። እናታቸውም የሉበትም። እናታቸው ደሴ ላይ ትምህርት ቤት በስማቸው የሚጠራላቸው ወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ናቸው። ስንቶቻችን ልጆቻችንን «ወይዘሮ ስሂን» ልከን አስተምረናል! ወይዘሮዋ የአምባሰሉ ጃንጥራር ሚስትና የእቴጌ መነን እናት መሆናቸውን የሚያውቅ ተማሪ ግን ብዙ አይገጥማችሁም።

ከወይዘሮ ስሂን ወደ ላይ አንድ እርምጃ ከወጣን አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል እስከ 1870 ዓ.ም. ድረስ ስማቸው ሙሐመድ ዓሊ ነበር። ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ሲጠመቁ ክርስትና ያነሷቸው ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ፤ ሚካኤል ተባሉ። ስለዚህ የእቴጌይቱን የእናት ወገን የሚቆጥር ሰው ሁለት ትውልድ ሳይርቅ ሙሐመድን ያገኛል። ይህ ለወሎ ሰው ብርቅ አይደለም። በእኛም መዝገብ ፋጡማ ገብሬ፣ አስካለ ሰይድ የሚመስል ስም ሞልቷል፤ ማንም አይደነግጥም። ከውጭ የመጣ ኦዲተር ብቻ «ይህ ስሕተት አይደለም ወይ?» ብሎ በእርሳስ ያከብበዋል።

እቴጌይቱ ከንጉሠ ነገሥቱ የወለዷቸው ስድስቱ ልጆች የኃይለ ሥላሴ ልጆች ተብለው ተጻፉ። አስፋው የሚለው ስም ከእናታቸው ጋር ቆመ። ነገሩ ንግሥትም ብትሆን የማይቀር ነው። አንድ ሰው ጃንጥራር ተብሎ ቢሰየም ልጁ «እገሌ ጃንጥራር» ይባላል። የወንድ ልጁ ልጅ በሦስተኛው ቦታ፣ በአያት ስም ላይ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ወረቀት ላይ የለም። በሴት ልጁ በኩል ከሆነ ደግሞ ከራሷ አያልፍም፤ የወለደቻቸው ገና ሲወለዱ የሌላ ሰው ስም ይይዛሉ። በእኛ ሙያ አነጋገር ወደ ሚቀጥለው ገጽ የማይዞር ሂሳብ ነው።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ ጃንጥራር የሚለው ቃል እንዴት እስካሁን አለ? ሹመቱማ ከሌሎቹ ማዕረጎች ጋር በደርግ ዘመን፣ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ቀርቷል። ቃሉ የተረፈው ወላጆች ለልጅ ስም አድርገው ስላወጡት ነው። አገራችን ሹመትን በስም ማውጣት ትወዳለች፤ ንጉሤ፣ ሹሜ፣ መኰንን፣ ፊታውራሪ የሚባሉ ሰዎች በየመንደሩ አሉ፤ አንዳቸውም ከአባታቸው ሹመት አልወረሱም። ጃንጥራርም እንደዚሁ ነው። አምባሰልን ለማያውቅ አዲስ አበባ ላለ ሰው ዛሬ ይህ ስም የሚያስታውሰው ምናልባት በከተማው ምክትል ከንቲባነት ዜና ላይ የሰማውን የአቶ ጃንጥራር ዓባይን ስም ይሆናል። እዚያ ስሙ በመጀመሪያው ቦታ የሰው መጠሪያ ሆኖ ቆሟል። ከሹመት ወደ ስም፣ ከአንድ አምባ ወደ ዋና ከተማ የሄደው በዚህ መንገድ ነው፤ ደም ተከትሎ ሳይሆን ስም አውጪ ተከትሎ።

ባሕር ሲሻገር ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የውጭ አገር ቅጽ «የመጨረሻ ስም» ይላል። እኛ የመጨረሻ ስም የለንም፤ የምንጽፈው የአባታችንን ወይም የአያታችንን ስም ነው። ቅጹ ግን የተጻፈለትን ይዞ ያደርቀዋል። በጀርመን የሚኖሩት ደራሲ ልዑል አስፋ ወሰን አስራተ እዚያ አገር «አስራተ» ተብለው ይጠራሉ፤ የአባታቸው የራስ አስራተ ካሣ ስም ነው። ልጆቻችን በስልክ የሚያደምጡት የካናዳው ዘፋኝ አቤል መኰንን ተስፋዬ ደግሞ የመጨረሻ ስሙ ተስፋዬ ነው፤ አባቱ መኰንን ተስፋዬ ናቸውና የአያቱ ስም ነው የተያዘለት። አንዱ በአባት፣ አንዱ በአያት። ደንብ የለውም፤ ቅጹ በተሞላ ቀን በየትኛው ሣጥን የትኛው ስም እንደገባ ነው።

ከደጋፊዎቻችን ዘንድም ደብዳቤ ሲመጣ «የተከበሩ ወይዘሮ ዓሊ» ብሎ ይጀምራል። ዓሊ አባቷ ናቸው፤ ካረፉም ቆይተዋል። በፍቅር የተጻፈ ነውና ቅር አይለንም። ግን ዛሬ ስለተገናኘን እንንገራችሁ፦ በስሟ ጥሯት።

ባለፈው መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ንግሥ ከመጡት ምእመናን መካከል ከውጭ አገር የመጣች አንዲት ወጣት ወደ ማኅበራችን ዳስ መጥታ ቆሎ ገዛች። ፓስፖርቷ ላይ የመጨረሻ ስሟ ጃንጥራር ነው። «የጃንጥራር ቤተሰብ የት ነው የሚኖረው?» ብላ ጠየቀች። እዚያ ያደገች ልጅ ስለሆነች ስሙን የያዙ ሁሉ አንድ ቤት ይመስሏታል፤ በሷ አገር ትክክል ናት። እኛ ግን ምን ብለን እንመልስ? ያ ቤተሰብ በስም የሚቆጠር አይደለም። ከእናቶቻችን አንዷ ቀረብ ብለው «ልጄ፣ አያትሽ ሹመታቸው ነው ጃንጥራር ወይስ ስማቸው?» አሏት። አታውቅም። «የአያትሽ እናትስ ማን ይባላሉ?» አሏት። ይህንን ከአባቷ ሰምታ በስልኳ ጽፋ ይዛ ነበር። በእናትየዋ ስም መንደሩ ታወቀ፤ ከመንደሩ ዘመድ ተገኘ። አያትየው የገዥ ቤት ሰው አልነበሩም። የገበሬ ልጅ ነበሩ፤ ወላጆቻቸው ልጃቸው ከፍ እንዲል ተመኝተው ያወጡላቸው ስም ነው። ልጅቱ ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ ሳቀች። እናታችንም «ከተሾመስ የተመኙለት ይሻላል» ብለው ቆሎውን ጨመሩላት።

ይህን ሁሉ ያልነው የቤተሰብ ስም ይኑረን ለማለት አይደለም። ሕጉስ ብሎት ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆነው፣ እስካሁን አንድም አባላችን የቤተሰብ ስም ብላ አላስመዘገበችም። ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1934 ዓ.ም. በአንድ ሕግ ሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲይዝ አደረጉ። አይስላንዶች ደግሞ እንደኛ በአባት ስም መጠራትን ይዘው እ.ኤ.አ. በ1925 ዓ.ም. አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን ከለከሉ፤ አገራቸውም አልተቸገረ። የኛ ልማድ ለሴት ልጅ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ አግብታም በራሷና በአባቷ ስም ትኖራለች። ጣይቱ ብጡል ምኒልክን አግብተው ጣይቱ ብጡል ነበሩ። ሌላ አገር ሴቶች ለዚህ ፍርድ ቤት ቆመውበታል። እኛ ያለ ክርክር ያገኘነውን ቅጽ ስላስቸገረ አንጥልም።

የጎደለው ሌላ ነው። ስማችን በየትውልዱ የሚቀየር ከሆነ አንዱን ትውልድ ከሌላው የሚያያይዘው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ ግማሹን ይተዋል። መነን አስፋው ብለን ስሂን ሚካኤልን እንደተውነው ማለት ነው። ለእቴጌ ታሪክ ጸሐፊ አለላት። ለእኛ የቁጠባ ደብተር እንጂ ሌላ ጸሐፊ የለንም። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በየቀበሌው ስላለ አሁን የሚወለዱት የልደት ምስክር ወረቀት የእናታቸውንም ስም ይይዛል። ከዚያ በፊት የተወለድነው ግን ብዙ ነን።

ስለዚህ የሥራ አመራር ኮሚቴው ተስማምቶበት ደብተሩ በአዲስ መልክ ታትሟል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አለ፤ ከሥሩ የእናት ሙሉ ስም እስከ አባቷ ድረስ አለ። ቀጥሎ «ሌላ የምጠራበት ስም» የሚል መስመር አለ፤ የክርስትናም ይሁን፣ አማት ያወጣችው፣ ሰፈር ያወጣው፣ ሳታፍሩ አስጽፉት። ወራሽ የምታደርጓት ልጅም በመታወቂያዋ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ትጻፋለች፤ «ዘይነባ» እና «ዘነበች» ለባንክ ሁለት ሰው ናቸው።

በኮሚቴው ውስጥ አንድ ክርክር ነበር፤ እናንተም ብትሰሙት ይሻላል። ገሚሶቹ የእናት ስም መስመር ወጪ ከመጨመር በቀር ምን ይረባል፣ ሕጋዊው የአባት ነው ብለው ነበር። ያረፉት እናታችን ልጅ ተጠርታ የገጠማትን ስትናገር ክርክሩ ቆመ። የማተሚያው ልዩነት በሪፖርቱ ገጽ ሦስት ላይ በዝርዝር አለ፤ ማየት ትችላላችሁ።

ደብተሩ ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ባለው ጠረጴዛ ይሰጣል። መታወቂያ ያልያዛችሁ ሐሙስ በገበያ ቀን ቢሮ እንጠብቃችኋለን። የእናታችሁን አባት ስም የማታስታውሱ ካላችሁ ዛሬ ማታ ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ ኑ፤ ባዶ መስመር ያለው ደብተር ማኅተም አናደርግበትም።