ለዘር የሚቀረው አውራ ዶሮ



የዛሬው ርዕሳችን በጓሮ ካሉት ስምንትና አሥር ሴት ዶሮዎች ጋር የትኛው አውራ ይቅር የሚል ነው። በአብዛኛው ቤት አውራውን የሚመርጠው በዓሉ ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገና ወይም ፋሲካ ሲቃረብ ትልቁና ቀዩ አውራ ወደ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳም ወይም ዳንግላ ገበያ ይሄዳል። ገዥ የማያየው ኮሳሳ ጓሮ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች አባታቸው እሱ ነው። ይህን በየዓመቱ ስንደጋግመው ዘሩን በገዛ እጃችን እያሳነስነው እንሄዳለን፤ ቆይተን ደግሞ «የአገር ዶሮ አያድግም» እንላለን።

አንዲት ሴት ዶሮ ዘሯን የምታወርሰው ለራሷ ጫጩቶች ብቻ ነው። አውራው ግን ለሁሉም ያወርሳል። አሥር ሴት ዶሮዎች በዓመት ስድስት ስድስት ጫጩት ቢያሳድጉ ስድሳ ይሆናሉ፤ የስድሳዎቹም ግማሽ ዘር ከአንዱ አውራ የመጣ ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ ሴቶቹን ትታችሁ አውራውን ምረጡ።

የአካባቢያችን ዶሮ ለምርጫ የሚሆን ዘር አለው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ በሰሜን ምዕራብ አማራ የአገር ዶሮዎች ሲጠኑ፣ ከእኛው ዞን የቲሊሊና የጓንጓ ዶሮዎች ተካተው በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከሮድ አይላንድ ሬድ ጋር ተነጻጽረዋል። ከወለጋ የመጣው የሆሮ ዶሮ ላይም ደብረ ዘይት ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የምርጫ ሥራ ተሠርቷል። የተደረገው ነገር በየትውልዱ የተሻሉትን ለዘር ማስቀረት ነበር፤ በዚህም የዶሮው ክብደትም የእንቁላል ብዛቱም ጨመረ። እርግጥ የአባት ብልጫ ሁሉ ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ ከፊሉ የመኖና የአያያዝ ውጤት ነው። የሚተላለፈው ግን ትውልድ በተቆጠረ ቁጥር ይደመራል።

ምርጫው ገና ከእንቁላሉ ይጀምራል። አውራ ዶሮ እንቁላል አይጥልም፤ የእናቱን የእንቁላል ዘር ግን ለሴት ልጆቹ ያስተላልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ብዙ የምትጥል፣ በደንብ የምትታቀፍና ጫጩቶቿን ከጭልፊት የምትከላከል እናት የትኛዋ ናት? በየቀኑ ግድግዳ ላይ በከሰል አንድ አንድ ጭረት ማድረግ ይበቃል። ዲከረንስ ያለው ቤት ከሰል አያጣም። ይህን የምታውቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ እማወራዋ ናት። ስልጠናው ላይ አባወራው ተቀምጦ ቤት ያለችው እሷ የማትጠየቅበት ነገር ለእኔ አይዋጥልኝም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ሁለታችሁም አብራችሁ ተነጋገሩ።

ከዚህች እናት የወጡትን ወንዶች እግራቸው ላይ ክር እሰሩና ለዩ። በሦስት ወራቸው መዝኗቸው፤ በአምስትና በስድስት ወራቸው ድገሙት። አብረው የተፈለፈሉትን እርስ በርሳቸው አወዳድሩ። የመስከረሙን ከየካቲቱ ጋር ማወዳደር መኖውን ከመኖው ጋር እንደማወዳደር ነው። ከዚያ በእጃችሁ ያዙት፤ የደረት አጥንቱ ቀጥ ያለ፣ እግሩና ጣቶቹ ያልተጣመሙ፣ ዓይኑ የጠራ ይሁን። ሕፃናትን የሚያሳድድ አውራ የቱንም ያህል ቢያምር ለድስት ነው።

አሁን ወደ ቀለሙና ወደ ራሱ ጌጥ እንምጣ። ገበያው ቀዩን አውራና በራሱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ድርብ የሆነውን ይወዳል፤ ጥቁሩን ዋጋ ይጥልበታል። ዋጋ ገንዘብ ነውና አትናቁት። ግን ሁለት አውራ በክብደትና በእናት እኩል ሲሆኑ ብቻ ቀለሙ ይፍረድ። ስለ ድርብነት አንድ የምትጠነቀቁት ነገር አለ። ጠፍጣፋና እንደ አበባ የተሸበሸበውን ዓይነት ከአባትም ከእናትም የወረሰ አውራ የዘሩ ጥንካሬ ያነሰ እንደሚሆን በሳይንስ ይታወቃል። በዓይን አይለይም። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ እንቁላል ባስታቀፋችሁ በሰባተኛው ቀን በጨለማ ቦታ በእጅ ባትሪ ብርሃን ተመልከቱ። ሽል የያዘው እንቁላል ውስጡ ቀይ የደም ሥር ይታያል። ከየሴቷ የመጣው እንቁላል በብዛት ጥርት ብሎ ከታየ ጥፋቱ የአውራው ነውና ቀይሩት።

አንገተ መላጣው ሙቀት ስለሚያባክን ለቻግኒ ቆላ ይሻላል፤ ለእንጅባራ ብርድ አልመርጠውም። ሳሶ አውራስ? ለሥጋ ጥሩ ነው። ግን ልጆቹ አንድ ዓይነት አይወጡም፤ ሴቶቹም የመታቀፍ ጠባያቸው ይቀንሳል። በታቃፊ ዶሮ ጫጩት የሚያገኝ ቤት የአገሩን አውራ ይያዝ።

ለአሥር ሴት አንድ አውራ ይበቃል፤ ሌላ አንድ ተጠባባቂ ያዙ። አንዱ ቢታመም ወይም ጭልፊት ቢወስደው ጓሮው ባዶ አይሆንም። በዓል ሲመጣም ሁለቱ በክር የታወቁ ስለሆኑ ከቀሩት ውስጥ ትሸጣላችሁ። አሮጌው አውራ ደግሞ ተተኪው ሥራ ሲጀምር በቀጣዩ በዓል በጥሩ ዋጋ ይሸጣል። የገበያው ብር አይቀርባችሁም፤ የሚቀየረው የሚሸጠው ዶሮ ነው።

አውራውን ከገዛ ሴት ልጆቹ ጋር አታቆዩት። የሥጋ ዘመዳሞች ሲዳቀሉ የሚፈለፈለው ቁጥር ይቀንሳል፤ ጫጩቱም ደካማ ይሆናል። ሴት ልጆቹ መጣል ሳይጀምሩ ከሌላ ጎጥ ከመጣ የተመረጠ አውራ ጋር ተለዋወጡ፤ ጎረቤት ለጎረቤት አይሁን፤ የጎረቤት ዶሮዎች ዘመዳሞች ናቸውና። የመጣውን ሁለት ሳምንት ለብቻው አቆዩት፤ ፈንግል የሚገባው ብዙ ጊዜ ከገበያ በመጣ ዶሮ ነው። የፈንግል ክትባት መከተቡንም ጠይቁ፤ ካልተከተበ ከመቀላቀሉ በፊት የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አነጋግሩ።

አውራ ከቀየራችሁ በኋላም ወዲያው አታስታቅፉ። የአሮጌው ዘር በሴቷ ውስጥ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ይቆያል። ሦስት ሳምንት ጠብቁ፤ በመካከል የሚጣለው እንቁላል ለቤትና ለገበያ ይሁን። አሁን ወደ ውጭ እንውጣና ከማሠልጠኛው ቅርጫት ውስጥ ያሉትን አምስት ጎረምሳ አውራዎች እንመዝን። እያንዳንዳችሁ ለዘር የምታስቀሩትን አንዱን ምረጡና ምክንያታችሁን ንገሩን።