ሁለት አንቴና፣ አንድ ጥሪ
በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



የተሰጠኝ ሰዓት አጭር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ሙያዬ ልግባ። ሁላችሁም «ሃሎ! ሃሎ! አይሰማም!» ብላችሁ ታውቃላችሁ። ትንሽ ፈቀቅ ስትሉ ድምፁ ጥርት ብሎ ይመጣል። ማማው አልቀረበም፤ ታዲያ ምን ተለወጠ?

ሞገዱ በአንድ መንገድ ብቻ አይደርሰንም። ከሕንፃው፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ፣ ከመኪናው እየተንጸባረቀ ይመጣል። አንዱ ሽቅብ ሲል ሌላው ቁልቁል ካለ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ፌዲንግ የምንለው ይኼንን ነው። በ900 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በደህናውና በመጥፎው ቦታ መካከል አንድ ስንዝር እንኳ ላይሞላ ይችላል።

መድኃኒቱ ኃይል መጨመር ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛ አንቴና ነው። አንዱ አንቴና ከ100 ጊዜ አንዴ ምልክቱ ቢጠፋበት፣ ሁለቱ ሳይተሳሰሩ ከሠሩ እኩል የሚጠፋባቸው ከ10,000 አንዴ ነው። ቁም ነገሩ «ሳይተሳሰሩ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ስልኩ ዙሪያውን በነጸብራቅ ስለተከበበ የግማሽ ሞገድ ርቀት ይበቃዋል። ማማው ላይ ግን ሞገዱ ከጠባብ አቅጣጫ ስለሚመጣ ርቀቱ በሜትር ይቆጠራል። ዊልያም ሊ በ850 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለክቶ፣ የአንቴናው ከፍታ ለርቀቱ ሲካፈል 11 ያህል ይሁን አለ። ለ33 ሜትር ማማ 3 ሜትር ማለት ነው።

ሦስት ሜትር ብረት ደግሞ ነፋስ መቋቋምና ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሳጥን ውስጥ፣ አንዱን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ አዘንብለን መስቀል ተለምዷል። ከተማ ውስጥ ነጸብራቁ ብዙ ስለሆነ ጥሩ ይሠራል። ነጸብራቅ በሚያንስበት ገላጣ ገጠር ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። የሊ ቁጥር የተለካው አሜሪካ ነው። ለዓባይ ሸለቆና ለሰሜን አምባዎች እንዳለ ይሠራል ብዬ አልምልላችሁም። ከጤና ኬላ አምቡላንስ የምትጠራ እናት ግን የእኛን ግምት አትጠብቅም።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ልኬት ለተመራቂ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ አድርጉት። በቴሌኮም መስክ ያላችሁ ጓዶቼ ደግሞ መሣሪያ አውሱ፤ ማማ ላይ የሚያስወጣ ፈቃድም አስጨርሱ። ገደሉም ተራራውም የእኛ ነው፤ ቁጥሩንም እኛው እንልካው።