ቴያትር፥ ጎርፍና የመሬት ጥበቃ



ከጣና ሐይቅ ወጥቶ የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋራ የሚገናኘው በካርቱም ከተማ ነው። በመጋጠሚያው አጠገብ ቱቲ የምትባል ደሴት አለች። ነዋሪዎቿ አትክልትና ፍራፍሬ እያለሙ ከተማዪቱን ሲመግቡ የኖሩ ገበሬዎች ናቸው።

ይህች ደሴት ለቴያትር የሚበቃ ታሪክ አላት። በ1946 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ወንዙ እጅግ በሞላ ጊዜ የቱቲ ሰዎች ተባብረው ውሃውን ተከላከሉ። ስለ ትጋታቸውም ዘፈን ተዘፈነ። በየክረምቱ «ታያ» በሚባለው የዘብ ስፍራ ሆነው የውሃውን ከፍታ ይጠብቁ ነበር፤ አደጋ ሲታይ ከበሮ ይመታ ነበር፤ ሕዝቡም ይወጣ ነበር። እንግዲህ ዘበኛው፥ ከበሮውና ሕዝቡ ካሉ የቴያትሩ ግማሽ ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

ነገር ግን ወንዙን ብቻ ጠላት አድርጎ የሚያሳይ ቴያትር እውነቱን ያጐድላል። በ1988 ካርቱምን ያጥለቀለቃት በአንድ ቀን የወረደው 200 ሚሊሜትር ያህል ዝናም ጭምር ነበር። በ2020 ደግሞ ወንዙ የ1946ንና የ1988ን ምልክት አለፈ። ውሃው የሚደፈርሰው ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ በሚወርደው አፈር ነው። ይኸው አፈር የቱቲን አትክልት ያወፍራል፤ በ1925 የተፈጸመውን የሴናርን፥ በ1966 የተፈጸመውንም የሮሴሬስን ግድብ ግን በደለል ይሞላል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል፤ ከግንዱ ይልቅ የሚያሳዝነው ይዞት የሚሄደው ማሳ ነው። በ2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የጎርፉን ኀይል ሊያበርድ ይችላል፤ አፈሩን በማሳው ላይ የሚያስቀረው ግን ገበሬው ብቻ ነው።

ስለዚህ ቴያትሩን አንድ ደራሲ ብቻውን ሊጽፈው አይገባም። በመጀመሪያ ዕጩ መምህራን ወደ ገበሬዎች ወጥተው ይጠይቁ፤ የሰሙትንም ይጻፉ። ቀጥሎ ሽማግሌዎች ልምምዱን አይተው ስሕተቱን ያርሙ። በመጨረሻም ከዘር ወራት በፊት በሜዳ ይታይ። ከዳገቱ ላይ የሚያርሰው ሰው እርከን እንዲሠራ ሲለመን «መሬቴን ያጠብብኛል፤ የአይጥ መሸሸጊያም ይሆናል» ብሎ እንቢ ይበል። ይህ የሞኝ ንግግር አይደለም፤ እውነተኛ ጕዳት ነው። ጨዋታው በዚህ ላይ ይቁምና መልሱን ተመልካቹ ይስጥ። መልሱን አስቀድሞ የሚሰብክ ቴያትር ገበሬውን ያስቀይማል እንጂ አያስተምረውም።

ለዚህ ሥራ የመምህራን ትምህርት ቤት የተገባ ስፍራ ነው። በነጭ ዓባይ ዳር በአድ-ዱዌም በ1934 የተቋቋመው የበኽት አል-ሩዳ የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርትን ከገጠር ኑሮ ጋራ ለማገናኘት ደክሟል፤ በሱዳን የትምህርት ቤት ቴያትር ታሪክም ስሙ ይነሣል።

በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ አያሌ ሱዳናውያን በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። ደሴት የሚጠብቅ ሕዝብ እንኳ ደሴቱን ጥሎ ሲሰደድ፥ የውሃ ጥበቃው ዕውቀት ከሽማግሌዎቹ ጋራ እንዳይጠፋ ያሰጋል። የጎጃም ገበሬ ስለ አፈሩ፥ የካርቱም ስደተኛ ስለ ውሃው በአንድ መድረክ ቢናገሩ፥ አንዱ የሌላውን ኪሣራ ያያል። ሁለቱን ያገናኘ መምህር ለአንድ ወንዝ ሁለት ጠባቂ አቆመ ማለት ነው።