ቡናው ግማሽ ሰዓት ይለፈው

እሱ፦ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ማለዳ የሚሮጠውን ሁሉ ሳይ «ይሄን ደግሞ ምን ግፊት ያገኘዋል» እላለሁ።

እሷ፦ ደም ግፊት መልክ አይለይም። በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት 16 በመቶ ገደማ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አብዛኞቹ መድኃኒት አይወስዱም ነበር።

እሱ፦ እኔ ግን ራሴን ካላመመኝ ደህና ነኝ።

እሷ፦ ተው እንጂ! ራስ ምታት ሳይኖርም ኩላሊት ይጎዳል፤ ስትሮክ እስኪጥል ዝም ይላል።

እሱ፦ እሺ፣ አሞራ ገደል ዓሳችንን በዳጣ በልተን፣ ቡናችንን ጠጥተን እንለካ?

እሷ፦ ቡናው ግማሽ ሰዓት ይለፈው። ሽንት ቤት ደርሰህ ና። ጀርባህን ደገፍ አድርገህ፣ እግርህን ሳታነባብር አምስት ደቂቃ ተቀመጥ። ክንድህ በልብህ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በጃኬት ላይ መለካት የለም፣ አውልቅ! ደግሞ አታውራ።

እሱ፦ በማውራት ለምንኖር ለእኛ ይሄ ከባድ ነው።

እሷ፦ 140 በ90 ከሆነ ወይም ካለፈ በሌላ ቀን ይደገማል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የዘመቻው ማግስት ነው። ግንቦት 9 የዓለም የደም ግፊት ቀን ነው ብለን እንለካለን፤ ከዚያ ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ይቀራል። ይዞት ጤና ጣቢያ የሚሄደው ስንቱ ነው?

እሱ፦ «ተሻለኝ» ብሎ ኪኒን የሚያቆመውስ?

እሷ፦ የተሻለው እኮ በኪኒኑ ነው! ነጭ ሽንኩርት አይተካውም።

እሱ፦ ጨውስ?

እሷ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

እሱ፦ ዳጣው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል?

እሷ፦ ይቆጠራል እንጂ! ዓሳው ላይ ደግመህ አትነስንስ።