የድሮ ስፖርተኞቻችንን ፎቶግራፍ ስለማሰባሰብ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በመጀመሪያ ያጠፋነውን እንናገር። ባለፈው ክረምት አንድ አባታችን ከክቡር ዘበኛ ዘመናቸው ጀምሮ ያስቀመጡትን የአበበ ቢቂላን ፎቶግራፍ አምነው ሰጡን። እኛም ሰው ሁሉ ይየው ብለን በሙጫ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍነው። የመካነ ሰላም ዝናብ መቼ ይምራል! ቆርቆሮው አፈሰሰና ፎቶው ተላጠ፣ ፊቱ ጠፋ። እኚህ አባት «ይሁን» ብቻ ብለው ሄዱ። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

ስለዚህ ከእንግዲህ ዋናውን አንለጥፍም። በሞባይል አንስተን ቅጂውን እንለጥፋለን፤ ዋናው በዚያው ዕለት ለባለቤቱ ይመለሳል።

ፎቶው የሮም ነው የቶኪዮ በሚለው ላይም ክርክር ነበር። እግሩን ማየት ነው እንጂ ምን ያከራክራል? ሮም ላይ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ የሮጠው በባዶ እግሩ ነው፤ ቁጥሩ 11፣ የገባውም በምሽት ነው። ቶኪዮ ላይ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጓል፤ ቁጥሩም 17 ነው። ያውም ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ጥቂት ሳምንት እንደቆየ! የእኚያ አባት ፎቶ ካልሲ ነበረው፤ የቶኪዮ ነው።

የኳስ ተጫዋቾችም ፎቶ እንፈልጋለን። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቡድናችን ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀብሏል። የመንግሥቱ ወርቁ፣ የአሠልጣኙ የይድነቃቸው ተሰማ፣ የማሞ ወልዴ፣ የምሩጽ ይፍጠርም ቢሆን አምጡ።

ከጋዜጣ የተቆረጠውም አይናቅ፤ ግን ይለይ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ነጠብጣብ ከሆነ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው። የጥንቱ ፎቶ ወረቀቱ ወፈር ያለ ነው፤ አንዳንዱ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ነው። ጀርባውን ሳታዩ አትለፉ፤ የፎቶ ቤት ማኅተም ወይም ቀን ካለ እዚያ ነው። ስም ስትጽፉበት በእርሳስ፣ ያውም በቀስታ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ያልፋል። ጭስና ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ የሰቀላችሁም ዛሬውኑ አውርዱት።

ፎቶ ያላችሁ እሑድ መዋጮ ስትከፍሉ ይዛችሁ ኑ። ጸሐፊው በመዝገብ ጽፎ ደረሰኝ ይሰጣችኋል። በተለይ ያ የቶኪዮ ፎቶ ያለው ሰው ካለ ያበድረን፤ ቅጂ አሳጥበን ለእኚያ አባታችን እንሰጣለን።